እትዬ በላይነሽና የወፎቹ መጽሐፍ

ደግ ነበረች አትበሉኝ! ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተነስቼ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ፦ እትዬ በላይነሽ ደግ አልነበረችም። ምን ያፈጥጣችኋል? «ሙት አይወቀስም» ትላላችሁ። ማን ወቀሰ? እኔ እኮ ማመስገኔ ነው! ያ መነጽር ያደረገው ሰውዬ ብድግ ብሎ «ፊደል ያስቆጠረችን፣ ዝምተኛ፣ ይቅር ባይ እናት» ሲል ንፍሮው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ይቅር ባይ? እትዬ በላይነሽ? የተሳሳተ ድንኳን የገባሁ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

ሌላው ደግሞ ከጀርባዬ፣ «ግርማ፣ በአንድ የወፍ ተረት ሊቀመንበር ወረደ እያልክ ታወራለህ አሉ» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቅ። ጥርስህ እስኪረግፍ ሳቅ። እኔ ግን ነበርኩ። መኖር ብቻ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ ግርማ ጋሪ! አንደኛ ክፍል ሁለቴ ወድቄ ወንበሩን ለሌላ ሰው የለቀቅኩት!

ለማያውቃት ልንገር። እትዬ በላይነሽ ናዝሬት እህል በረንዳ ጆንያ ሰፊ ነበረች። ጤፉ፣ ቦሎቄው፣ በቆሎው ተመዝኖ ጆንያ ውስጥ ሲገባ አፉን የምትሰፋው እሷ ናት። አባቷ ከከምባታ መጥቶ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራ፣ ባሏ ሲሞት አንድ ልጇን ይዛ ወደኛ ሰፈር መጣች። አጭር ናት። ድምፅዋ ግን የረጅም ሰው ነው። መርፌዋ የመሀል ጣት ያህላል፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ፤ ሻርፗ ላይ ሰክታው ትሄዳለች። ፀሐይ ሲመታው ከሩቅ ያበራል፣ አናቷ ላይ አንቴና የተከለች ትመስላለች።

እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ቀበሌው «መሠረተ ትምህርት ያልጨረሰ ጋሪ አይነዳም» ሲል ከከተማው ባለጋሪ ሁሉ ቀድሜ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ፈረሴ መንገዱን ያውቀዋል፣ እኔ ለምን አነባለሁ? ፈረሴ በነገራችን ላይ ስሙ ሻምበል ነበር። ቀበሌ ጠርተው «በምን ድፍረት ነው?» ሲሉኝ ማዕረጉን ቀንሼ አሥር አለቃ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሩጫው ቀነሰ። ቅር ብሎታል መሰለኝ።

ክፍል ውስጥ ስቀልድ ሰው ሁሉ ይፈርሳል፤ እሷ አትስቅም። መርፌዋን ከሻርፗ ትነቅልና ሰሌዳው ላይ አንዷን ፊደል ነካ አድርጋ፣ «ግርማ፣ ይቺ ማን ናት?» ትላለች።

«አላውቃትም እትዬ፣ ግን ቆንጆ ናት።»

«ቆንጆ ከሆነች ስሟን ሳታውቅ አትሄድም። ቁም።»

ቆሜ እቀራለሁ። እግሬ እስኪደነዝዝ። ፊደል የለየሁት ወድጄ እንዳይመስላችሁ፣ መቀመጥ አምሮኝ ነው።

አንድ ቀን አንድ ጫኝ እናቴን ሰደበና ድንጋይ አነሳሁ። እጄን ያዘችው። «ጆንያን እስከ አፉ ከሞላኸው አይሰፋም» አለችኝ። «ስንዝር ቦታ ትተውለታለህ። ቁጣም እንደዚያው ነው። እስከ አፍህ አትሙላው፣ መስፊያ ታጣለህ።» እኔ ሞኙ ምክር መስሎኝ ነበር። እሷ የራሷን አሠራር ነው የነገረችኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። የብሔራዊ ውትድርና ዕጣ በቀበሌያችን አዳራሽ የወጣ ዕለት ሰው ትንፋሹን ውጦ ተቀምጦ ሳለ፣ ከጣሳው ውስጥ የወጣው ስም «ሰሎሞን ተካልኝ» ሆነ። የሊቀመንበሩ ልጅ! ጓድ ተካልኝ ብድግ አለ፣ መሐረብ አወጣ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ «እናት አገር ከልጄ ትበልጣለች» አለ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እጄ ቀደመኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው «የዘማች አባት» ሆነ። መዋጮ ሲሰበስብም፣ ለጉልበት ሥራ ሲያስወጣንም ቃሉ አንድ ነው፦ «እኔ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ አንተስ ምን ሰጠህ?» ምን ትመልሳለህ? ጋሪ?

በዚያው ሰሞን የእትዬ በላይነሽ ልጅ ታሪኩ ጠፋ። የሰሎሞን እኩያ ነው፣ ቁመታቸውም ያው። ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ቀረ። ቀበሌ ሄዳ ስትጠይቅ እኔ ደጅ ላይ ጋሪዬን ይዤ ቆሜ ነበር፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ጓድ ተካልኝ ቀና ብሎም አላያትም።

«ኮብልሎ ይሆናላ! ፈሪ ይኮበልላል። የእኔን ልጅ አላየሽውም? እንደሱ አድርገሽ ብታሳድጊው ኖሮ ዛሬ እዚህ አትመላለሺም ነበር።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር» ብላ ወጣች። ላድርስሽ ብላት ጋሪዬ ላይ አልወጣችም። አቧራውን እየረገጠች በእግሯ ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እህል በረንዳ መጣ። ለወታደር ማሰልጠኛ በቆሎ የሚያመላልስ ሰው ነው። እኔ ጆንያ እየጫንኩ ነበር፣ እሷ አጠገቤ ትሰፋለች። ጎንበስ አለና፣

«እናቴ፣ ልጅሽ ደህና ነው። አጥር ሥር ሆኖ ጠርቶኝ ነው። ግን ታሪኩ ብለሽ ብትጠይቂ አታገኚውም። እዚያ ሰሎሞን ተካልኝ ነው የሚሉት። ‹ስሜ አይደለም› ባለ ቁጥር ይገረፋል» አላት። ዙሪያውን አየና ጨመረ፣ «ስልጠናው ሲያልቅ ወደ ሰሜን ይጫናሉ። ብዙም አልቀራቸው።»

የያዘችውን ጆንያ ሰፍታ ጨረሰች። ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ግርማ፣ ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ጎበዝ።»

«እትዬ፣ ሄደን እንጩህ እንጂ!»

«ማን ያምነናል? አንድ ጆንያ ሰፊና አንድ ቀልደኛ።»

«ታዲያ ልጁ ተጭኖ ይሂድ?»

«እሱ ራሱ ይናገረዋል» አለች። «በገዛ አፉ፣ ሰው በተሰበሰበበት።»

«ዓሣ በራሱ ጊዜ መጥቶ መጥበሻ ላይ ይተኛል በይኛ!» አልኳት። አልሳቀችም። ሌላ ጆንያ ሳበች።

ያኔ በየእሑዱ ጠዋት የውይይት ክበብ ነበር። ግዴታ ነው፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ትንሽ ይነበባል፣ ከዚያ ሰው እየተነሳ በተነበበው ላይ ሂስ ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ ማጠቃለያ ይናገራል። ሊቀመንበሩ ሳያጠቃልል ስብሰባ አይዘጋም። ሕግ ነው፣ እንቅልፍ የወሰደውም ይቀሰቀሳል።

አንባቢዋ እሷ ነበረች። ከወዳጅ አገር አንድ ካርቶን መጽሐፍ ለቀበሌው መጥቶ ነበር፣ በአማርኛ ታትሞ። ጓድ ተካልኝ በጭብጨባ ተቀብሎ ቆልፎበታል። እትዬ በላይነሽ «አቧራውን ላራግፍለት» ብላ ቁልፉን ተቀበለች። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሰው ሲበላ እሷ እዚያ ናት። አንዱን ታነሳለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። ገመድ ሙሉ ቁልፍ ይዞ አንድ በር የሚሞክር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደሱ። ስለዚህ «መጽሐፉ ከሰፈራችሁ ነገር ጋር እንዴት እንዲህ ተገጣጠመ?» ለምትሉኝ ሊቃውንት፣ አልተገጣጠመም። ተፈልጎ ነው የተገኘው።

አንድ እሑድ ሁለት መጽሐፍ ይዛ መጣች። አንዱ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ስለ ትርፍ ምርት የሚያወራ። አንዱ ቀጭን፣ ሽፋኑ ላይ ነጭ ላባ የለበሰች ሴት በእግሯ ጣት ጫፍ ቆማለች። እኔ እሾህ የወጋት መስሎኝ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የትኛውን ያዙናል?» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሰውየው ወፍራሙን አየ፣ ላቡን ጠረገ፣ ቀጭኑን አየ። «ይሄኛው ይሁን። የወዳጅ አገር ባህል ነው። ባሌት ይባላል፤ አፍ ሳይከፍቱ በጭፈራ ብቻ ታሪክ የሚነግሩበት ነው» ብሎ አስረዳን። ራሱ መረጠው! በገዛ ጣቱ!

መግቢያው እንደሚለው፣ ጭፈራው ዓለም ያወቀው የፍቅር ታሪክ ነው። ጠንቋይ ልጃገረድን ወፍ ያደርጋታል፤ የንጉሥ ልጅ ይወዳታል፤ ጠንቋዩ የራሱን ልጅ በእሷ መልክ አቅርቦ ያታልለዋል፤ በመጨረሻ ሁለቱም አልቅሰው ሐይቅ ውስጥ ይሞታሉ። ይሄን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ግን ለቅሶ አይወድም። አጨልሞታል። በእሱ ታሪክ ሐይቁ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ይበላል። ዕጣ ይወጣል። ዕጣ አውጪው ጠንቋዩ ነው። አንድ ዓመት ዕጣው የራሱ ልጅ ላይ ወደቀ። ሰው ፊት ቆሞ አለቀሰና «ልጄ ለአገሬ ትሁን» አለ።

እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ በኋላ የሳለ የለም።

ከዚያ ጠንቋዩ የአንዲት መበለት ልጅ ይይዛል። የራሱን ልጅ መልክ እንደ ጭምብል ፊቷ ላይ ይሰፋዋል፣ በክር። ሐይቁ ውስጥ ትጣላለች። ሐይቁ አይገድላትም፣ ወፍ ያደርጋታል። ላባው ከውስጥ ነው የሚበቅለው፣ ቆዳዋን እንደ ምስማር እየበሳ። ስሟን ልትናገር አፏን ስትከፍት የሚወጣው የጠንቋዩ ልጅ ስም ነው። የራሱን ልጅ ደግሞ መስኮት የሌለው ግንብ ውስጥ ደብቆ ማር ያበላታል።

እትዬ በላይነሽ ይሄን ሁሉ ስታነብ እንደ ቲያትር ሰው ድምፅዋን አታነሳ አትጥል። የዱቄት ዋጋ እንደሚነበብ ነው። መርፌዋን ከመስመር ወደ መስመር ታስኬዳለች፣ ላባው የልጅቷን ዓይን ሊበሳ ሲል ቀጥ ትላለች፣ «ለዛሬ ይበቃናል» ትላለች፣ መርፌዋን ሻርፗ ላይ ትመልሳለች። ሰው ያብዳል! በፊት ከክበቡ ለማምለጥ አጥር የሚዘል ሁሉ ወንበር ለመያዝ በጠዋት ይጋፋ ጀመር። የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ኦቦ ቱፋ በየሳምንቱ ዱላውን ይዞ ፊት ለፊት ይቀመጥና፣ «ያ ዋቃ! አምላኬ! ይሄን ሰውዬ ለእኔ ስጡኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ይላል።

ጓድ ተካልኝስ? እየጠቆረ ሄደ። ግን ምን ያድርግ? እንዳይከለክል የወዳጅ አገር መጽሐፍ ነው፤ የመረጠውም እሱ ነው። «ይሄ ጠንቋይ እኔን መሰለኝ» ብሎ የት ይክሰስ?

የክበባችን ዝና ተሰማ። ከአውራጃው፣ ምልመላውን የሚመራ አንድ ሻምበል ሊጎበኘን መጣ። እውነተኛ ሻምበል ማለቴ ነው፣ ፈረሴን አይደለም። እትዬ በላይነሽ የምትጠብቀው ይሄን ቀን ኖሯል። ሾፌሩ «ሊጫኑ ነው» ብሎ ልኮባታል። ያ እሑድ ካመለጣት ታሪኩ አመለጣት። በር ላይ ሳገኛት መርፌዋን ሻርፗ ላይ ትሰካለች፣ ትነቅላለች፣ መልሳ ትሰካለች። «እትዬ?» አልኳት። «ዝም በል፣ ስንዝሯን ቦታ አትንካብኝ» አለችና ገባች።

የዕለቱ ንባብ ስለ ድግሱ ነው። ሰው ለጠንቋዩ ሰንጋ ይጥልለታል። «ልጁን የሰጠ አባት» እያለ ጉልበቱን ይስመዋል። እሱ ደግሞ ከጮማው ቆርጦ በጉያው ይደብቅና ለግንቡ ልጅ ይወስዳል። «ለዛሬ ይበቃናል» አለች።

ሂስ ተጀመረ። ከወሎ መጥታ ቅመም የምትነግደው እትዬ ፋጡማ ቀድማ ተነሳች።

«እኔ ወላሂ የምተቸው ልጅቷንም ነው! ሰው በስሟ እየሞተላት እሷ ግንብ ውስጥ ማር ትልሳለች። ተመችቷታል!»

«ወፍራ ይሆናል!» አለ ኦቦ ቱፋ።

«የበዓል ቦነስም ሳይሰጧት አይቀርም» አልኩ እኔ። አዳራሹ ፈረሰ። ሻምበሉ ሳይቀር ሳቀ። «ተመችቷታል! ተመችቷታል!» ይላል ሰው እየተንከተከተ።

ጓድ ተካልኝ መድረኩ ላይ ከሻምበሉ ጎን ተቀምጧል። አልሳቀም። ከንፈሩን ይነክሳል። ማጠቃለያው የእሱ ነውና ተነሳ።

«ጓዶች፣ ጠንቋዩ በመሠረቱ የፊውዳሉ ሥርዓት ውጤት ነው...» ብሎ ጥሩ ጀመረ። እዚያ ላይ ቢያቆም ሊቀመንበር እንደሆነ ይቆይ ነበር። ግን ሳቁ ገብቶበታል። «ቢሆንም ሂሳችን ተጨባጭ ሁኔታን ያገናዘበ ይሁን! ተመችቷታል ይባላል እንዴ? አባት የሆነ ይፍረደኝ! ልጅ ደሴት ላይ ተቀምጦ፣ ከዓሣ ሌላ የሚቀመስ የለ፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ክኒን የሚሰጠው የለ፣ ታንኳዋ እንኳ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው... ይሄ ምቾት ነው? እናንተ ማዘን አታውቁም?»

ሲስቅ የነበረው ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ቆርቆሮው በፀሐይ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል።

ኦቦ ቱፋ በሁለት እጁ ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አርጅቻለሁ። ደሴቱ የቱ ጋ ነው የተነበበው?»

«መጽሐፉ ላይ ነው! ባለፈው እሑድ! አትሰሙም እንዴ?»

ሻምበሉ ወደ እትዬ በላይነሽ ዞረ። «ተነቧል?»

«እኔ ባነብ ጨምራ ነው፣ ቀንሳ ነው ይባላል» አለች። «ሌላ ሰው ያንብበው። ግርማ፣ ና።»

እኔ! ያ ሁሉ ጸሐፊ፣ ያ ሁሉ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተቀምጦ! በኋላ ነው የገባኝ፤ እኔ ከመጽሐፉ ውጭ አንድ ቃል ፈጥሬ ላነብ እንደማልችል አገር ያውቃል። ያለውን ለማንበብም ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

የግንቡን ምዕራፍ ገልጣ ሰጠችኝ። መርፌዋንም አቀበለችኝ። አሥር አለቃ ዳገት ላይ ጋሪ ሲጎትት አይታችኋል? እንደዚያ ነው የተነሳሁት። «ግን... ቡ... መስ... ኮት... የለ... ውም።» ላቤ ገጹ ላይ ይንጠባጠባል። «ጠን... ቋዩ... ማ... ማር...»

«ይሄ ሰው ማንበብ አይችልም!» ጮኸ ተካልኝ። «ይዝለል! ወደ ታች ነው ያለው!»

«አትዝለል» አለኝ ሻምበሉ።

አልዘለልኩም። አንዲት ነጥብ አልዘለልኩም። ሰው ከእኔ ጋር በከንፈሩ ይጎትታል፤ አንድ ቃል ባወጣሁ ቁጥር እንደ ጫኝ «እህ!» ይላል። ጨረስኩ። «ደሴት የለም፣ ጓድ ሻምበል» አልኩ። «ወባም የለም። ዓሣም የለም። ያለው ማር ነው።» በናዝሬት ከእኔ የበለጠ ጆሮ የተሰጠው አንባቢ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ!

ተካልኝ መጽሐፉን ሊነጥቀኝ እጁን ዘረጋ። የሚለውን ፈልጎ ያገኝ ነበር፣ እንደሱ ያለ ሰው አይጠፋውም። እትዬ በላይነሽ ግን ጊዜ አልሰጠችውም። ብድግ አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ጎረቤት ጎረቤቷን በር ላይ አግኝታ እንደምትጠይቀው ነው የጠየቀችው።

«ልጁን ግን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ወባው ለቀቀው?»

«ገና ነው» አለ።

አለ እኮ! ከአፉ ወጣች። ሰውየው የገዛ ቃሉን ሰምቶ ሲደነግጥ አየሁት፣ እጁ ወደ አፉ ሲሄድ፣ ዘግይቶ። ሻምበሉ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ቆብ አንስቶ ራሱ ላይ አደረገ። እትዬ በላይነሽ ወደ እሱ ዞራ፣ «ልጄ ታሪኩ ይባላል» አለችው። «ሰሎሞን ተካልኝ ብላችሁ ነው ያሰለጠናችሁት። ሳይጫን መልሱልኝ።»

ሰሎሞንን ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ቤት አገኙት። በአውቶቡስ ሲመጣ ከመናኸሪያው እስከ ቀበሌው ያደረስኩት እኔ ነኝ። ኳስ አብረን ተጫውተናል። ቢጫ ሆኗል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «ግርማ፣ ቀስ በል በናትህ» አለኝ። ፈረሱን ቀስ አደረግኩት። ሌላ ያደረግኩለት የለም።

ምልምሎቹን የሚጭነው የወታደር ካሚዮን ቀበሌው ደጅ ቆሟል። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ሻምበሉ ልጁን አየና ልቡ ራራ መሰለኝ፣ እትዬ በላይነሽን ጠጋ ብሎ፣ «እናት፣ ልጅሽ ተፈቷል፣ መንገድ ላይ ነው። ይሄኛው ታሟል። ቅሬታ የለኝም ካልሽ ለሚቀጥለው ዙር ላቆየው እችላለሁ» አላት።

ሰው ሁሉ አያት። ተካልኝ ከአጥሩ ሥር፣ ባጁ ከደረቱ ተነቅሎ፣ አያት። ልጁም ከጋሪዬ ላይ ቀና ብሎ አያት። እሷው ከታሪኩ ጋር ዳቦ ስታጎርሰው ያደገ ልጅ ነው።

«የእኔም ልጅ ሲወሰድ ጉንፋን ይዞት ነበር» አለች።

በቃ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስም ጠሪው ወታደር «ሰሎሞን ተካልኝ!» አለ። ልጁ «አቤት» አለ። ይቺን «አቤት» ለመስማት ነው እስካሁን የቆመችው። ስትሄድ በተካልኝ በኩል አለፈችና ቆም አለች። «አልቅስ እንጂ» አለችው። «ያ መሐረብ የታል?» ከዚያ ወደ እህል በረንዳ ሄደች። የሚሰፋ ጆንያ ነበራት።

በሚቀጥለው እሑድ ሰው «መጨረሻውን አንብቢልን» ብሎ ያዛት። አነበበች። ወፏ ጠንቋዩን ጠጉሩን ይዛ ሐይቁ ውስጥ ትደፍቀዋለች፣ እስኪሞት። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ኦቦ ቱፋ ዱላውን ወለሉ ላይ ደበደበ። እሷ መጽሐፉን አየችው፣ ያልበሰለ ምግብ እንደቀረበለት ሰው።

«ቸኩላለች» አለች።

«ማን?» አልኳት።

«ወፏ። ሞቶ ምን ይጠቅማታል? መኖር ነበረበት።»

አሁን ይቅር ባይ በሉኛ!

ታሪኩ መጣ፣ ራሱን ተላጭቶ። «ታሪኩ» ብለው ሲጠሩት ዝም ይላል። አንድ ቀን ሬዲዮ ውስጥ አንድ ሰው «ሰሎሞን» ሲል ከተቀመጠበት ዘሎ «አቤት!» ብሎ ቀጥ አለ። እጁን ጭኑ ላይ ለጥፎ። እናቱ ጆንያ ስትሰፋ አጠገቧ ታስቀምጠው ጀመር። «ታሪኩ፣ ሲባጎ አቀብለኝ። ታሪኩ፣ ውሃ ስጠኝ። ታሪኩ፣ ዝንቧን አባርልኝ።» ውሃም አልጠማት፣ ዝንብም የለ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ናት። ውሎ አድሮ የልጁ ጆሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ሚስት አለው። ለቅሶው ላይ ያያችሁት፣ ስሙን ሲጠሩት ትንሽ ቆይቶ የሚዞረው፣ እሱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የታመመ ልጅ ምን አደረገ?» ትላላችሁ። አውቃለሁ፣ ከፊታችሁ ይነበባል። እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሥራዋን አላቆመችም። «ግርማ፣ እሱ በደሴቱ ሲኖር በስሙ የሚገረፍ ሰው እንዳለ አያውቅም ነበር?» አለችኝ። ሲባጎዋን አንስቼ አቀበልኳት። እኔ የምወዳት ለዚህ ነው። ደግ ሰው ሞልቷል፤ ለደግ ሰው ለቅሶ ሄጄ ንፍሮ በልቼ እመለሳለሁ፣ ስሙንም እረሳዋለሁ። እሷን መርሳት አቅቶኛል።

አላመናችሁም? ሂዱና ጠይቁ! ገበያ ውስጥ እትዬ ፋጡማ አለች፣ ከበርበሬው ማዶ። ኦቦ ቱፋ መጋዘኑ በር ላይ አለ፣ ጮክ በሉለት እንጂ ይነግራችኋል። ወንድ ከሆናችሁ ደግሞ ራሱን ተካልኝን ጠይቁት። አዎ፣ አለ፣ ጤነኛ ነው። ጦሩ ከተበተነ ወዲህ፣ ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ መናኸሪያው አይጠፋም። ጠዋት ከመጀመሪያው አውቶቡስ በፊት ይደርሳል። ጥግ ላይ ካለው ሻይ ቤት ደጅ ታገኙታላችሁ። ሂዱ፣ እውነት ይሄ ነገር ሆኗል ወይ በሉት። ብቻ እናንተ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት የሚጠይቃችሁ እሱ ነው፤ የልጁን ስም ይነግራችኋል፣ ቁመቱን በእጁ ያሳያችኋል፣ «የት አያችሁት?» ይላችኋል።